በሕግ አምላክ፤ ሕግ አስከባሪው ራሱ ስለሚገዛበት ደንብ

ስለ ሕግ በሚነገርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ሕዝቡ ሕግን እንዴት ሊያከብር ይገባዋል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ተገቢ መሆኑን ማንም አይክደውም። ዳሩ ግን ከዚህ የማያንስ፣ እንዲያውም ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሕግን እንዲያስከብር የተሾመው ሰው ራሱ በምን ይገዛል? የሚል ነው። ዱላና ጠመንጃ፣ ካቴናና የእስር ቤት ቁልፍ የተሰጠው ሰው እነዚህን ነገሮች መቼ እንደሚያነሣና መቼ እንደሚያስቀምጥ የሚነግረው ማን ነው? የነገረውስ እንደ ሆነ፣ የተነገረውን ሳይፈጽም ቢቀር የሚጠይቀው ማን ነው?

አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቈጨኛለች» ብለው ተርተዋል። በቅሎ የመኰንን መቀመጫ፣ የባላገር ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ግን መንገደኛ ለስንቁ የሚይዛት አንዲት ትንሽ ዳቦ ናት። ተረቱ የሚያስተምረን የሰው ልብ የሚቈስለው በተወሰደበት ነገር ብዛት ሳይሆን በአወሳሰዱ መሆኑን ነው። ሽፍታ በቅሎውን የቀማው ሰው ያዝናል፤ ነገር ግን ሽፍታው የቀማው በገዛ ራሱ ስም ነው። ሕግ አስከባሪ ጭብጦውን የቀማው ሰው ግን የተቀማው በሁላችንም ስም ነው፤ ስለዚህም አቤት የሚልበት ደጅ ሁሉ የተዘጋ ይመስለዋል። የፖሊስ ትንሽ በደል ከሽፍታ ትልቅ በደል ይልቅ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ለገዛ ባልደረቦቻቸው የሚያወጡትን የውስጥ ደንብ ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት ደረቅ የጽሕፈት ቤት ነገር ይመስላል። ቍጥር፣ ቀን፣ ማኅተም፣ የፊርማ ቦታ፤ ከዚህ ውስጥ ምን የሕሊና ጥያቄ ይገኛል? የሚል ሰው አይጠፋም። የእኛ ሐሳብ ግን የብዙ ሰዎች ነጻነትና ሕይወት የተንጠለጠለው በዚሁ ደረቅ በሚመስለው ነገር ላይ መሆኑን ማሳየት ነው። ስለ ሌሎች አገሮች ስንናገር የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ፣ የአገር ሕግ እያለ የውስጥ ደንብ ለምን አስፈለገ? የሚለውን ከቅርብ ምሳሌ እንመልከተው። በአገራችን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ደነገገ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 ይህንኑ የ48 ሰዓት ወሰን፣ ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቈጠር፣ የዜጋ መብት አድርጎ አጸናው። ቃሉ አጭርና ግልጽ ነው። ነገር ግን እነዚህ 48 ሰዓቶች ከየትኛው ደቂቃ ይጀምራሉ? ሰውየው በገበያ መካከል ከተያዘበት ደቂቃ ነውን፣ ወይስ ጣቢያ ገብቶ ስሙ ከተጻፈበት? ሰዓቱን በመዝገብ የሚያሰፍረው ማን ነው? ተረኛው በሌሊት ሲለወጥ ተረካቢው እስረኞቹን በስም እየጠራ ይረከባልን፣ ወይስ በቍጥር ብቻ? መዝገቡን በየቀኑ እየመረመረ የሚፈርምበትስ ማን ነው?

ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለውን ዝርዝር ሁሉ ሊጽፍ አይችልም፤ ሊጽፍም አይገባውም። ይህን የሚጽፈው የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ደንብ ነው። ስለዚህ በጣቢያው መዝገብ ላይ «የተያዘበት ሰዓት» የሚለው ዐምድ ባዶ የቀረ እንደ ሆነ፣ በሕገ መንግሥቱ ላይ የተጻፈው አንቀጽ ለዚያ እስረኛ አብሮ ባዶ ይሆንበታል። ታላቁ ሕግ ወደ ሰው የሚደርሰው በትንሹ ደንብ እጅ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር ይመጣል። የውስጥ ደንብን የሚያወጣው በደንቡ የሚገዛው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። ኀይለኛ ሰው የገዛ ኀይሉን ወሰን ራሱ ቢቀርጽ፣ ወሰኑን ወደ ጎረቤቱ እርሻ እያሰፋ እንዳይቀርጽ ምን ያግደዋል? ደንብ አውጪውም፣ ደንብ ተርጓሚውም፣ ደንብ ተላላፊውም በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ደንቡ ከእውነተኛ ሕግነት ይልቅ ለቤተ ሰብ ምክር ይቀርባል። ይህ ችግር ዛሬ የተገኘ አይደለም፤ ዘመናዊ ፖሊስ ሲመሠረት አብሮት የተወለደ ነው።

ለብዙ አገሮች ምሳሌ የሆነው የለንደን ፖሊስ የተቋቋመው በ1829 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የእንግሊዝ አገር ግዛት ሚኒስትር የነበሩት ሰር ሮበርት ፒል ሕጉን በፓርላማ ሲያስወስኑ፣ የለንደን ሕዝብ ነገሩን በደስታ አልተቀበለውም። ፖሊስ ማለት በፈረንሳይ አገር እንደ ታየው የመንግሥት ሰላይ ማለት ነው ብሎ ይፈራ ነበርና። ፒል ለአዲሱ መሥሪያ ቤት ሁለት ኮሚሽነሮች መረጡ፤ አንደኛው በዋተርሎ ጦርነት የተዋጋው ወታደር ቻርልስ ሮዋን፣ ሁለተኛው ሪቻርድ ሜይን የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ የሕግ ሰው ነበር። ወታደርና የሕግ ሰው በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው በራሱ ትምህርት ይሰጣል። ወታደሩ ትእዛዝ ካልተፈጸመ ሠራዊት እንደማይቆም ያውቃል፤ የሕግ ሰውም ትእዛዝ ሁሉ ትክክል እንዳልሆነ ያውቃል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ፖሊሶቹ ገና ወደ ጎዳና ሳይወጡ ካዘጋጁአቸው ነገሮች ዋነኛው የመመሪያ መጽሐፍ ነበር። የመመሪያው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። የፖሊስ ቀዳሚ ዓላማ ወንጀል ከተሠራ በኋላ መቅጣት ሳይሆን እንዳይሠራ መከልከል ነው። ፖሊስ ለባለጸጋውም ለድኻውም እኩል ትሑትና አገልጋይ ይሁን። ሥልጣኑን ለማሳየት ሲል ብቻ ያለ አስፈላጊ ምክንያት በሰው ነገር አይግባ። ከሁሉም በላይ ቍጣውን የሚገዛ ይሁን፤ ስድብና ዛቻ አያናውጠው። ይህ መመሪያ በፖሊሶቹ እጅ ብቻ ተደብቆ አልቀረም፤ ፍሬ ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ ሕዝቡ አነበበው።

ከዚህም ጋር የተደረጉ ሌሎች ነገሮች ነበሩ። የፖሊሱ ልብስ እንደ ወታደር ቀይ እንዳይሆን ሰማያዊ ተደረገ። ዘወትር የሚይዘው መሣሪያም የእንጨት ዱላ ነበር። በኮሌታው ላይ የክፍሉ ፊደልና የራሱ ቍጥር እንዲታይ ሆኖ ተሰፋ። ይህች ቍጥር ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን ማንበብ የሚችል የተበደለ ሰው ሁሉ «ይህን ያደረገብኝ እገሌ ነው» ብሎ ለመክሰስ የምታስችለው እርሷ ናት። ደንቡም ለይምሰል እንዳልወጣ ለማየት ብዙ ቀን መጠበቅ አላስፈለገም። የምዝገባ ቍጥር 1 የተሰጠው ፖሊስ ሥራው በተጀመረበት ዕለት፣ በሴፕቴምበር 29 ቀን 1829 ዓ.ም.፣ ሰክሮ በመገኘቱ ከሥራው ተሰናበተ።

እንግዲህ ሮዋንና ሜይን ቀደም ብለን ያነሣነውን ችግር በምን ፈቱት? ሙሉ በሙሉ ፈቱት ለማለት አንደፍርም፤ ከዚያ በኋላም የለንደን ፖሊስ ብዙ ክስና ብዙ ነቀፋ ደርሶበታልና። ነገር ግን መንገዱን አሳይተዋል። ደንባቸውን ለሚገዛበት ፖሊስ ብቻ ሳይሆን ለሚጠበቅበት ሕዝብም ገለጡ፤ የሚጥሰውን ሰው ለመለየት የሚቻልበትን ምልክት አደረጉ፤ የጣሰውንም አሰናበቱ። ደንብ የቤተ ሰብ ምክር ከመሆን ወጥቶ ሕግ የሚሆነው በእነዚህ ነገሮች ነው።

ሥርዐት ባላቸው የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ዛሬ ደንብ የሚወጣበት መንገድ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ አደጋ፣ ወይም የሕዝብ አቤቱታ፣ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ወይም አዲስ መሣሪያ የደንብን አስፈላጊነት ያስነሣል። ሥራውን የሚያውቁ መኰንኖች ረቂቁን ይጽፋሉ፤ የሕግ ዐዋቂ ከአገሩ ሕግ ጋር ያመሳክረዋል፤ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ይፈርምበታል። ቍጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ በእርሱ የተተካው አሮጌ ደንብ መሻሩ በግልጥ ይነገራል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ፖሊስ ታድሎ መቀበሉን በፊርማው ያረጋግጣል፤ ትምህርት ይሰጥበታል፤ በየጊዜውም ይመረመራል።

በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ የሕሊና ፈተና አለ። ረቂቁን የሚጽፈው በሌሊት ጎዳና ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው ከሆነ፣ ሊፈጸም የማይችል ደንብ ይጽፋል፤ ሊፈጸም የማይችል ደንብም ፖሊሱን ደንብ መጣስን ያስለምደዋል። አሮጌው ሳይሻር አዲሱ በላዩ ላይ የወጣ እንደ ሆነ፣ ሁለት የሚጋጩ ትእዛዞች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ያን ጊዜ አለቃ የሚወደውን በአንዱ ነጻ ያወጣል፣ የሚጠላውን በሌላው ይቀጣል። ትምህርት ሳይሰጥ ፊርማ ብቻ የተሰበሰበ እንደ ሆነም፣ ፊርማው የሚያገለግለው ፖሊሱን ለማስተማር ሳይሆን በኋላ «ነግረነው ነበር» ለማለት ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤትን ደንብ በሁለት መክፈል ይቻላል፤ አንዱ የሚሠራ ደንብ ነው፣ ሌላው የሚታይ ደንብ ነው። የሚሠራው ደንብ የፖሊሱን እጅ ይመራል፤ የሚታየው ደንብ የአለቃውን ጀርባ ይጠብቃል። በወረቀት ላይ ሲያዩአቸው ግን ሁለቱ አንድ ናቸው።

የዚህን ልዩነት ፍሬ ለማየት ከለንደን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1974 ዓ.ም. በቴነሲ ክፍለ ሀገር በሜምፊስ ከተማ፣ ሌባ ቤት ሰብሮ ገባ የሚል ጥሪ የደረሰው አንድ ፖሊስ በሌሊት ወደ ጓሮ ዞሮ ሲመለከት የሚሸሽ ልጅ አየ። በባትሪ መብራት ፊቱንና እጁን ተመለከተ፤ መሣሪያ የያዘ አልመሰለውም። ቁም አለው፤ ልጁ ግን አጥር ሊዘል ተንጠላጠለ። ፖሊሱ ተኰሰ፤ ልጁም ሞተ። ዕድሜው 15 ዓመት ነበር፤ በእጁ የተገኘውም ከቤቱ የወሰደው ቦርሳና 10 ዶላር ነው።

የክፍለ ሀገሩ ሕግ የሚሸሽን ወንጀለኛ ለመያዝ አስፈላጊውን ኀይል ሁሉ ይፈቅድ ነበር። የከተማው ፖሊስ የውስጥ ደንብ ከክፍለ ሀገሩ ሕግ ጥቂት የጠበበ ቢሆንም፣ ቤት ሰብሮ በሸሸ ሰው ላይ መተኰስን አልከለከለም። የመሥሪያ ቤቱ የተኩስ መርማሪ ጉባኤ ነገሩን አየው፤ ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ የሚወስነው ከሕዝብ የተውጣጣ ጉባኤም አየው፤ ሁለቱም ምንም አላደረጉም። ደንብ አልጠፋም፤ መርማሪም አልጠፋም። የጠፋው ልጁ ብቻ ነበር።

ይህ ነገር ደንብን ማክበር ብቻውን ጽድቅ እንዳልሆነ ያስረዳናል። ቃታውን የሳበው አንድ ሰው ነው፤ የፈቀዱለት ግን ብዙዎች ናቸው፤ የፈቀዱለትም በጨለማ ጓሮ ውስጥ በድንጋጤ ሳይሆን፣ በቀን ብርሃን፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ለማሰብ በቂ ጊዜ አግኝተው ነው። ስለዚህ ደንብ የሚጽፍ ሰው ከሥራው ውጤት የራቀ ጸሓፊ ብቻ አይደለም። የጻፈው ቃል አንድ ቀን በሰው ላይ ይፈጸማል፤ በተፈጸመበትም ቀን የእርሱ እጅ ከፈጻሚው እጅ ጋር አብሮ አለ።

በሌላ ወገን፣ ሜምፊስ ላይ ይህ ከመሆኑ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1972 ዓ.ም. በኦገስት ወር፣ የኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ በኮሚሽነር ፓትሪክ መርፊ ዘመን አዲስ የተኩስ ደንብ አውጥቶ ነበር። ደንቡ ከክፍለ ሀገሩ ሕግ የጠበበ ነበር። ለማስጠንቀቂያ ብሎ መተኰስን ከለከለ፤ በሚሄድ መኪና ላይ መተኰስንም፣ በውስጡ ያሉት ሰዎች ከመኪናው በቀር በሌላ ገዳይ መሣሪያ ካላጠቁ በስተቀር፣ ከለከለ። ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ ተኩስ እንዲጻፍና በጉባኤ እንዲመረመር አዘዘ። ብዙ ሰዎች ፖሊሱ እጁ ታስሮ ይሞታል ብለው መፍራታቸው አልቀረም።

ቀድሞ የዚያው ከተማ ፖሊስ መኰንን የነበረው ጀምስ ፋይፍ ከ1971 እስከ 1975 ዓ.ም. የተተኰሰውን ሁሉ መርምሮ በ1979 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ደንቡ ከወጣ በኋላ የፖሊስ ተኩስ ወደ 30 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳየ። ይበልጡን የቀነሰውም በሚሸሽ ሰው ላይ የሚተኰሰው ነበር። የተፈራው ነገር ግን አልደረሰም፤ የፖሊሶቹ ጉዳት በደንቡ ምክንያት አልጨመረም። እዚህ ላይ ያው ከተማ፣ ያው ፖሊስ፣ ያው ጠመንጃ ነው፤ የተለወጠው አንድ ደንብና ደንቡን ተከታትሎ የሚጠይቅ አንድ ጉባኤ ነው።

የሜምፊሱ ልጅ አባት ግን ዝም አላሉም፤ ክሳቸው ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት እየተሻገረ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ1985 ዓ.ም. በ6 ድምፅ ለ3፣ መሣሪያ ያልያዘና አደገኛ ያልሆነ ሸሽታ ተጠርጣሪን ተኩሶ መግደል ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን መሆኑን ወሰነ። ዳኞቹ ለውሳኔያቸው ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ አብዛኞቹ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው በውስጥ ደንባቸው ከአሮጌው ሕግ የጠበበ ወሰን ማድረጋቸው ነበር። እንግዲህ ራሳቸውን የገቱት መሥሪያ ቤቶች ደንብ፣ ራሱን ባልገታው ላይ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ትንሹ ደንብ ታላቁን ሕግ አስተማረው ማለት ነው።

ይህን ስንሰማ፣ እንግዲያስ ጥሩ ደንብ ከተጻፈ ነገሩ አለቀ ብለን ልባችንን እንዳናሳርፍ፣ በ2020 ዓ.ም. በሚኒያፖሊስ የሆነው ያግደናል። የዚያች ከተማ ፖሊስ በ2016 ዓ.ም. አንድ መልካም ደንብ አውጥቶ ነበር። ማንኛውም ፖሊስ ባልደረባው ከልክ ያለፈ ኀይል ሲጠቀም ያየ እንደ ሆነ ጣልቃ ገብቶ ሊያስቆመው ግዴታ አለበት የሚል ነው። በሜይ 25 ቀን 2020 ዓ.ም. አራት ፖሊሶች ጆርጅ ፍሎይድ የተባለውን የ46 ዓመት ሰው፣ ሐሰተኛ የ20 ዶላር ኖት ሰጥቷል ተብሎ ተጠርጥሮ ያዙት። አንደኛው በጉልበቱ አንገቱ ላይ ተንበርክኮ ከ9 ደቂቃ በላይ ቈየ። ሰውየው መተንፈስ አልቻልሁም እያለ ዝም አለ፤ ሞተም።

በዚያ የነበሩት ሦስቱ ፖሊሶች ደንቡ የሚመለከታቸው ነበሩ። ከእነርሱ ሁለቱ ሥራ ከጀመሩ ጥቂት ቀን የሆናቸው ናቸው፤ የተንበረከከው ደግሞ ለብዙ ዓመት ያገለገለና ከሁለቱ ጀማሪዎች አንዱን በሥራ ላይ ያስተማረ አሠልጣኝ ነበር። ከጀማሪዎቹ አንዱ ሰውየውን በጎኑ እናዙረው ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ አይሆንም ሲባል ተወው። በእግረኛ መንገዱ ላይ የቆሙት ሰዎች ይለምኑና ይጮኹ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ከሥራ ሰዓቷ ውጭ የነበረች የእሳት አደጋ ሠራተኛ የልብ ትርታውን ልይ ብላ ተከለከለች። የከተማው ፖሊስ ያወጣው የመጀመሪያ መግለጫ ሰውየው በሕመም የሞተ የሚያስመስል ነበር፤ ስለ ጉልበቱ አንድ ቃል አልነበረበትም። እውነቱ የተገለጠው አንዲት የ17 ዓመት ልጃገረድ በስልኳ ቀርጻ ስለ ነበር ነው። በ2021 ዓ.ም. የፖሊሱ የበላይ ራሳቸው ፍርድ ቤት ቀርበው ድርጊቱ የመሥሪያ ቤቱን ደንብ የሚጥስ መሆኑን መሰከሩ።

እነሆ፣ ደንቡ ተጽፏል፤ ቍጥርና ቀንም አለው። ታዲያ ለምን አልሠራም? መልሱ እንዲህ ይመስለናል። በእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከተጻፈው ደንብ አጠገብ ያልተጻፈ ደንብ ይኖራል። የተጻፈው በመጽሐፍ ይነበባል፤ ያልተጻፈው በአለቃ ፊት ይነበባል። በእኛም ዘንድ ይህ ያልተጻፈ ደንብ በተረት ተቀምጧል። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል፤ «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ይላል። ጀማሪ ሠራተኛ ወደ ሥራ ሲገባ የተጻፈውን ደንብ አንድ ቀን ይፈርምበታል፤ ያልተጻፈውን ግን በየቀኑ ይማረዋል። አሠልጣኙ የደንቡ ጣሽ በሆነ ጊዜ ሁለቱ ደንቦች ይጋጠማሉ፤ ያልተጻፈውም ያሸንፋል።

ነገር ግን ተረቶቻችን ሁሉ ዝምታን የሚያስተምሩ አይደሉም፤ ከእነዚህ የሚበልጥ ቃልም አለን። በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ፣ ወይም ኀይለኛው ደካማውን ሊመታ እጁን ሲያነሣ፣ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ብሎ የማስቆም ልማድ ነበረው። ይህን ለማለት ሹመት አያስፈልግም፤ ሴትም፣ ልጅም፣ እረኛም ይለዋል። ቃሉን የሰማ ሰው የተነሣውን እጁን ሳያወርድ የቀረ እንደ ሆነ፣ በደሉ በተመታው ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በሕግ ላይ የተፈጸመ ሆኖ ይቈጠርበት ነበር። ተጣዪዎች መንገደኛውን ዳኛ አድርገው በዛፍ ጥላ ሥር ነገራቸውን የሚያሰሙበት ልማድም የዚሁ እምነት ቅርንጫፍ ነው፤ ሕግ የሹም ብቻ ሳይሆን በቦታው የተገኘ ሰው ሁሉ አደራ ነው የሚል እምነት ነው።

የሚኒያፖሊስ ደንብ በሕግ ሰዎች ቋንቋ ተጽፎ ያዘዘው ይህንኑ ነው፤ ባልደረባህን በሕግ አምላክ በለው ነው ያለው። በእግረኛ መንገዱ ላይ የነበሩት ሰዎችም በቋንቋቸው ይህንኑ አሉ። የጠፋው የሚለው ሰው አይደለም፤ የሚቆም ሰውና የሚያስቆም ባልደረባ ነው። ስለዚህ የአንድን ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት ደንብ ለመመዘን ስንፈልግ፣ የመጽሐፉን ውፍረት ሳይሆን ይህን አንድ ነገር እንጠይቅ፤ በዚህ ቤት ውስጥ ታናሹ ታላቁን «በሕግ አምላክ» ሊለው ይችላልን? ካለውስ በኋላ በማግሥቱ ሥራው ላይ ይገኛልን?

ከዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊቀርብብን ይችላል። ፖሊስ እንደ ሠራዊት በትእዛዝ የሚኖር ነው፤ ታናሹ አለቃውን ማስቆም ከጀመረ ሥርዐት ፈርሶ ሁሉም ዳኛ ይሆናል የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። በጭንቅ ሰዓት ክርክር ሰው ያስገድላል። ነገር ግን ሁለት ነገር መታሰብ አለበት። አንደኛ፣ የአለቃ ሥልጣን ከየት መጣ? ያው ደንብ ሰጠው። ደንቡን ሲጥስ የቆመበትን መሬት ራሱ እየናደ ነው፤ ስለዚህ የሚያስቆመው ታናሽ ሥልጣንን አልናቀም፣ ሥልጣኑን ከጣሹ አዳነው እንጂ። ሁለተኛ፣ ያ ታናሽ የሚያድነው የተያዘውን ሰው ብቻ አይደለም። በዚያች ቀን ከሦስቱ አንዱ የአሠልጣኙን ጉልበት ከአንገቱ ላይ ቢያነሣ ኖሮ፣ ምናልባት ሰውየው በሕይወት ይኖር ነበር፤ አሠልጣኙም በነፍስ ግድያ ከ22 ዓመት በላይ አይፈረድበትም ነበር፤ ሦስቱም በ2022 ዓ.ም. በፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ሁሉም ሰውየውን ባለመርዳታቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ባልደረባቸውን ባለማስቆማቸው፣ ጥፋተኞች አይባሉም ነበር። ለባልደረባ ዝም ማለት ታማኝነት ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን ባልደረባን ወደ ገደል መሸኘት ነው።

ሌላም ተቃውሞ አለ። ደንብ በበዛ ቍጥር ፖሊሱ ፈሪ ይሆናል፤ ሕሊና ያለው ሰው ደንብ አያስፈልገውም፣ ሕሊና የሌለውንም ደንብ አያቆመውም ይባላል። ስለ ፍርሃቱ የኒውዮርክ ታሪክ መልስ ሰጥቷል። ስለ ሕሊና ግን የሚከተለውን እንላለን። ሕሊና በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ቢኖርም፣ ብቻውን ሲቆም ድምፁ ደካማ ነው። በጎኑ እናዙረው ወይ ብሎ የጠየቀው ጀማሪ ሕሊና አልጠፋውም፤ ሕሊናው እስከ ጥያቄ ድረስ አደረሰው፤ ከዚያ የሚያሻግረው ክንድ ግን አላገኘም። ደንብ ሕሊናን አይተካም፤ ነገር ግን ሕሊናው ለሚናገር ሰው «ብቻህን አይደለህም፣ ቤቱ ከአንተ ጋር ነው» ይለዋል። ይህን ሊለው የሚችለው ግን ቤቱ ከዚያ በፊት በተግባር ከተናጋሪው ጋር ቆሞ የታየ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

እንግዲህ ከተመለከትነው ሁሉ ስንሰበስብ፣ የሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት የውስጥ ደንብ እውነተኛ ደንብ እንዲሆን አራት ነገሮች ያስፈልጉታል። የሚጠበቅበት ሕዝብ ሊያውቀው ይገባል፤ ድብቅ ደንብ ለባለሥልጣን ምሥጢር እንጂ ለዜጋ ዋስትና አይሆንምና። ከደንቡ ጋር የማይስማማው አሮጌ ትእዛዝ በግልጥ ሊሻር ይገባል። የተጣሰ እንደ ሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ጣራ ውጭ የሆነ ዐይን ሊያየው ይገባል። በመጨረሻም፣ ከሁሉ በፊት የጻፈውን ሰው ራሱን ሊያስረው ይገባል፤ አለቃው ያልታሰረበት ገመድ ታናሹን የሚጎትቱበት ነው እንጂ አብረው የሚሄዱበት አይደለም።

ይህን የምንናገረው ስለ ፖሊስ ብቻ አይደለም። በመዝገብ ቤት የባለጉዳይን ፋይል የሚይዝ ጸሓፊ፣ በክፍል ውስጥ ተማሪን የሚቀጣ መምህር፣ በጽሕፈት ቤቱ ደጅ ሰው የሚያስጠብቅ ሹም፣ እያንዳንዳቸው በትንሽ ግዛታቸው ውስጥ ሕግ አስከባሪዎች ናቸው። ፖሊሱ ከእነርሱ የሚለየው ጠመንጃ በመያዙና ስሕተቱ ወዲያው ደም በማፍሰሱ ነው። ተማሪዎችም ነገ ከእነዚህ ወንበሮች በአንዱ ላይ ይቀመጣሉ፤ ብዙዎቻቸውም ደንብ የሚጽፉ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ብዕራቸውን ሲያነሡ፣ ደንቡን የሚጽፉለት ከጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠው አለቃ ሳይሆን፣ በጨለማ ጓሮ ውስጥ አጥር ላይ ለተንጠላጠለው ልጅና በባትሪ ለሚያየው ፖሊስ መሆኑን እንዲያስታውሱ እንመክራለን። ሁለቱም በዚያች ደቂቃ ሌላ ጠባቂ የላቸውምና።